የእናትህን ቤት ለማሽን አታስይዝ

ከጅማ ሄርማታ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። በመካኒካል ኢንጂነሪንግ ከተመረቅክ ሁለት ዓመት ሆኖሃል፤ ሥራ የለም። ሳዑዲ ያለው ወንድምህ ብር እልካለሁ ብሏል። የጎደለውን ከባንክ እንድትበደር እናትህ የቤቱን ካርታ ከሳጥን አውጥተዋል። የቡና መፈልፈያ መለዋወጫ የሚሠራ ወርክሾፕ መክፈት ፈልገህ ትጠይቀኛለህ፦ «የትኛውን ሲኤንሲ ፍሬዛ ልግዛ? 3018፣ 6040 ወይስ ያገለገለ ሃስ?» አባትህ ባንክ ተቀጠር ይሉሃል። ማስተርስም አስበሃል።

ከማሽኖቹ ልጀምር። ሲኤንሲ ፍሬዛ ማለት በኮምፒውተር ትእዛዝ ዕቃ የሚቆርጥና የሚቀርጽ ማሽን ነው። 3018 የሚባለው 30 በ18 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ የሚሠራ የጠረጴዛ ማሽን ነው። አካሉ የአሉሚኒየም ፕሮፋይል ነው። እንጨት፣ ፕላስቲክና የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ይቀርጻል። ለመማሪያ ሸጋ ነው፤ ለብረት ግን አይሆንም። 6040 ተለቅ ይላል። ሻጮቹ አሉሚኒየም ሲቆርጥ በቪዲዮ ያሳዩሃል። እውነት ነው፣ ሳሳ እያደረግክ ካስኬድከው ይቆርጣል። የመፈልፈያ ዘንግ ግን አሉሚኒየም አይደለም።

እስቲ አንድ ዘንግ እንውሰድ። 40 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ዘንግ ላይ የሚወጣው የቁልፍ ቦይ፣ ማለትም ማርሹ በዘንጉ ላይ እንዳይሾር የሚይዘው ብረት የሚቀመጥበት ቦይ፣ ስፋቱ 12፣ ጥልቀቱ 5 ሚሊ ሜትር ነው። ሃይ ስፒድ ከሚባለው ብረት በተሠራው በተለመደው መቁረጫ ስታወጣው መቁረጫው በደቂቃ 650 ዙር ገደማ ይበቃዋል። ቀስ ብሎ፣ በጉልበት ማለት ነው። የ6040 ሞተር ደግሞ የተሠራው እስከ 24,000 ዙር ለመሮጥ ነው። ፍጥነቱን እዚያ ድረስ ስታወርደው ጉልበቱ ይከዳሃል።

ይህን ከሰው ሰምቼ አይደለም የምነግርህ። ማስተማር ከመጀመሬ በፊት ስድስት ዓመት ቶርኖ ቤት ሠርቻለሁ። አንዱ አሠሪዬ እንዲህ ያለ ማሽን ገዝቶ ብረት እንድንቆርጥበት አዘዘን። መቁረጫው ብረቱን ገና ሲነካ መጮህ ጀመረ፤ ጥርስ የሚያንገጫግጭ ጩኸት። ሞተሩን የተሸከመው ድልድይ ዓይናችን እያየ ይርገበገባል። የመቁረጫው ጫፍ ሰማያዊ ሆነ። የቦዩን ግድግዳ በጣቴ ስዳስሰው የመጋዝ ጥርስ ይመስላል። በዚህ መሃል መብራት ሄደ። መቁረጫው ብረቱ ውስጥ እንደተነከሰ ቆመ፤ እናውጣው ስንል እጃችን ላይ ተሰበረ። ማሽኑ ጥግ ላይ ጨርቅ ለብሶ ቀረ። ሰውዬው ዕዳውን ለዓመታት ከፈለ። ቤቱ በሽተኛ እንዳለበት ሰው ፊቱ ጠቁሮ ሲገባ ሲወጣ አይቼዋለሁ።

የአሜሪካው ሃስ ኩባንያ የሚሠራው ሚኒ ሚል የሚባል ሲኤንሲ ፍሬዛ ሌላ ዓለም ነው። ክብደቱ ከአንድ ቶን በላይ ነው። ጠረጴዛው ወደ ጎን 406፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ 305 ሚሊ ሜትር ይሄዳል። ብረትን በደንብ ይቆርጣል። ቶርማክ የሚባለው ሌላ ሲኤንሲም ከእሱ አነስ ያለ ቢሆንም የቁም ነገር ማሽን ነው። ግን ዋጋው ላይ ሞርሳውን፣ መቁረጫ የሚይዘውን ኮሌት፣ መቁረጫውን፣ ማራገፊያ ክሬኑንና የኤሌክትሪክ መስመሩን ደምርበት። ቦርዱ አንድ ቀን ቢቃጠል መለዋወጫው በዶላር ነው የሚመጣው። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ደግሞ ብራችን የት እንደደረሰ ታውቃለህ።

ለመሆኑ ያንን ቦይ ለማውጣት ሲኤንሲ ምን ያደርግልሃል? ገበሬውና የመፈልፈያው ባለቤት ይዘውልህ የሚመጡት አንድ ዘንግ፣ አንድ ማርሽ፣ ዘንግ የሚዞርበት አንድ ቦኮላ ነው። ያለ ኮምፒውተር በእጅ የሚነዳ ያገለገለ ፍሬዛ ይሠራዋል። ሲኤንሲ የሚያዋጣው አንድ ዓይነት ዕቃ መቶ ጊዜ ስትደጋግም ወይም የቅርጽ ማውጫ ሞልድ ስትቀርጽ ነው። ልብህ ወደ እንጨት ቢያደላ ኖሮ ምክሬ ይለወጥ ነበር። ጅማ የበርጩማና የእንጨት ሥራ አገር ናት፤ ለበርና ለአልጋ ራስጌ 1.3 በ2.5 ሜትር የሚሠራው 1325 የሚባል ሲኤንሲ እንጀራ ያበላል። አንተ ግን ብረት ነው ያልከኝ።

አሁን ወደ ቤተሰብህ። እናትህ ስለሚወዱህ ነው ካርታውን ያወጡት። ቢሆንም ተሳስተዋል፤ አንተም ዝም ማለትህ ልክ አይደለም። ከኪሳራ በኋላ አንተ ሌላ ሥራ ትፈልጋለህ፤ እሳቸው ግን በዚህ ዕድሜ ሌላ ቤት አይሠሩም። ዛሬውኑ ካርታውን ወደ ሳጥኑ ይመልሱት። የወንድምህም ብር በሰው አገር የፈሰሰ ላብ ነው። ብድር ነው ወይስ ድርሻ? በጽሑፍ አድርጉት። አንድ ቀን ማሽን የግድ ሲሆን የካፒታል ዕቃ ሊዝ አለ። ዕዳው እስኪያልቅ ማሽኑ የአከራዩ ንብረት ነው፤ ዋስትናውም ማሽኑ ራሱ ነው።

አባትህ ያሉት የባንክ ሥራ ከተገኘ ግባ፤ ደመወዝ ነውር የለውም። ማስተርሱ ይቆይ።

ካልተገኘ ግን ሰኞ ጠዋት ቶርኖ ቤት ሂድና ሥራ ጠይቅ። «ዲግሪ ይዤ በዚህ ክፍያ?» ትል ይሆናል። አዎ፣ በዚህ ክፍያ። ማታ ማታ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ ሲኤንሲ የሚባለውን የማሽን መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ጫን። ነጻ ነው፣ ማሽን ሳይኖርህም ማሽኑ የሚታዘዝበትን ቋንቋ ጂ ኮድን በማስመሰያው ትለማመድበታለህ። የቶርማክ መቆጣጠሪያ ፓዝፓይለትም የተሠራው በእሱ ላይ ነው። ደብተር ያዝ። ለሦስት ወር በዚያ በር የገባውን ዕቃ ሁሉ ጻፍ፦ ምን እንደሆነ፣ ከምን ብረት እንደተሠራ፣ ስንት ፍሬ እንደሆነ፣ ስንት ብር እንደተከፈለበት። ከዚያ ደብተሩን ፎቶ አንስተህ ላክልኝና ስለ ማሽን እናወራለን።