አማቴንም ልጆቼንም ይዤ የት ልሂድ?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ኮምቦልቻ ነው። የ4 እና የ8 ዓመት ሴት ልጆች አሉኝ። አማቴም አብረውን ናቸው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። እሑድን ቤት ተዘግቶብን መዋል ሰልችቶናል። ዛፍና ውሃ ያለበት፣ የማያደክም የእግር መንገድ እንፈልጋለን። የጎፍ ደን ይሻላል ወይስ ሐይቅ?
የሁለት ልጆች እናት

መልስ፦ እህቴ፣ ለእናንተ ሐይቅ ይሻላል። የጎፍን እወደዋለሁ፤ የጥዱ ሽታ ብቻውን መንፈስ ያድሳል። ግን ዳገት ነው። የታመመ ጉልበት መውጣቱን ቢችል እንኳ ቁልቁለቱ ላይ ይከዳል።

በጠዋት ውጡ። ደሴ ደርሳችሁ ሌላ መኪና ትይዛላችሁ፤ ከደሴ እስከ ሐይቅ ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለልጆቹ ከባድ ቁርስ አትስጪያቸው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣው የሐረጎ ጥምዝምዝ መንገድ ሆድ ይንጣል። ትንሿን መስኮት አጠገብ አስቀምጫት፤ ፌስታልም ያዢ። ከከተማው እስከ ውሃው በባጃጅ ሂዱ፤ የእማማ ጉልበት ለዳርቻው ይቆይላቸው። እዚያ ሜዳ ሜዳውን እያረፉ ቀስ ብሎ መሄድ ነው።

አንድ ነገር ከቤት ሳትወጡ ለልጆቹ ንገሪያቸው። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሴት አይገባም። እኔ ልጄን ሳልነግራት ይዣት ሄጄ፣ በሩ ጋ ስንደርስ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እስካሁን ይቆጨኛል። ታሪኩን ግን ከውጭም ሆናችሁ አውሪላቸው፦ ቦታው ድሮ ደሴት እንደነበር፣ አባ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው ክፍለ ዘመን እዚያ ደቀ መዛሙርት እንዳስተማሩ።

ውሃው ዝም ያለ ይመስላል። መሃሉ ግን 80 ሜትር ገደማ ይጠልቃል። ስለዚህ የትንሿን እጅ አትልቀቂ። ከአርድቦ ሐይቅ የሚመጣ ወንዝ ይገባበታል፤ ከሱ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። የጣልነው ሁሉ እዚያው ይቀራል። እባካችሁ የውሃ ፕላስቲካችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።

ምሳችሁ አሳ ይሁን። ሙሉውን፣ ጎኑ በቢላ ተተልትሎ፣ ጥርት ብሎ የተጠበሰውን እዘዙ። ለትንሿ በሹካ አይሆንም። ሥጋውን በጣትሽ እየፈተሽሽ፣ እሾኩን ለቅመሽ አጉርሻት። ለእማማ አዋዜ አስጨምሪላቸው።

ከ9 ሰዓት በፊት ተነሱ። ኮምቦልቻ ለመግባት ገና ሁለት መኪና ይቀራችኋል።