ኤ የሚወለደው የት ነው? ስለ ግሬድ ጠይቁኝ

ጋሽ ሬጅስትራር፦ አራት ኪሎ ቡናዬን ይዤ ተቀምጫለሁ። ሁለት ሰዓት አለኝ። ዕድሜዬን ማርክ ስሞላና ሳስሞላ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ስለ ግሬድ ጠይቁ። አደራ፣ ትራንስክሪፕት ፎቶ አንስታችሁ አትለጥፉ። ስምና መታወቂያ ቁጥር አለበት።

ፍሬሽ ነኝ፦ ጋሼ፣ ኤ ፕላስም ኤም 4 ነው የሚያዘው። ፕላሷ ምን ትሠራለች?

— ለእናትህ ማሳያ ናት። ቀጥሉ።

የማታ ተማሪዋ፦ በ2.8 ማስተርስ ይገባል?

— የምትገቢበትን ትምህርት ክፍል ጠይቂ። እኔ አላስገባም፣ አላስወጣም።

ወላጅ፦ የልጄ ግሬድ ኤ በኤ ነው። ደስ ሊለኝ ሲል የጓደኞቹም እንደዚያው ሆኖ አገኘሁት። በእኛ ጊዜ ኤ የደፈነ ሰው በግቢው ሁሉ ይታወቅ ነበር። ምን ተገኘ?

— እርስዎ ደህና ጥያቄ አመጡ። ሰው ፊደሉን ብቻ አይቶ መምህሩ ኤ አዘነበ ይላል። ኤ ግን የሚወለደው ፊደል ሲሰጥ አይደለም፤ ከፋይናል ፈተና በፊት ነው።

ስኬሉን ታውቁታላችሁ። በብዙዎቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች 90 ኤ ፕላስ፣ 85 ኤ፣ 80 ኤ ማይነስ እያለ ይወርዳል። 65 ቢ ማይነስ፣ 50 ሲ ነው። ቋሚ ስለሆነ ማንም አይነካካውም። የሚነካካው ከሥሩ ያለው ማርክ ነው።

እንዲህ እንቁጠር። ከ100ው ግማሹ ተከታታይ ምዘና ነው። አቴንዳንስ 5 ከ5። የቡድን አሳይመንት 19 ከ20። ፕረዘንቴሽን፣ እሱም በቡድን፣ 14 ከ15። ብቻውን የተፈተነው ኩዊዝ 6 ከ10። ድምር 44። ፋይናል ገብቶ ከ50 21 አመጣ እንበል፤ ማለትም ወደቀ። ሲደመር 65፣ ቢ ማይነስ፣ 2.75። መመረቂያው 2.00 ነው። ፋይናል ላይ ግማሹን አንድ ቀን እንኳ ሳያገኝ ጋውን ይለብሳል።

አንድ የግል ኮሌጅ ማታ ሳስተምር የስድስት ሰው አሳይመንት መጣልኝ። ሽፋኑ ላይ አምስት ስም ታይፕ ተደርጓል። ስድስተኛው በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጨምሯል፤ ቦታ ስላነሰው ወደ ጎን ታጥፏል። ገጽ 4 ላይ የሌላ ዩኒቨርሲቲ ስም ሳይጠፋ ቀርቷል። ስድስቱንም ጠርቼ ርዕሱ ምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። አንዷ ብቻ መለሰች። ሠርታው አይደለም፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዳ ያስጠረዘችው እሷ ስለነበረች ነው። ከ20 ስድስት ሰጠሁ። ዲኑ ጠርቶ «ተማሪው ከሸሸ ደሞዝ ከየት እንከፍላለን?» አለኝ። በሚቀጥለው ሴሚስተር ኮርስ አልሰጡኝም።

የፒያሳ ልጅ፦ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ፒያሳ ነበር? እኛም እዚያ ነበር የምናስጠርዘው። ፈረሰ አይደል?

ሰቃይ ነበርኩ፦ ስንቱ ፈረሰ! አብሮት የነበረውን ማኪያቶ አስታወስከኝ።

የፒያሳ ልጅ፦ ማኪያቶው እንኳን ምርጥ አልነበረም።

— ስለ ማኪያቶ ሌላ ቀን ትከራከራላችሁ።

ሰቃይ ነበርኩ፦ እሺ ጋሼ። ከርቭ፣ ተማሪን ከክፍሉ ልጆች ጋር አወዳድሮ ፊደል መስጠት፣ ይመለስ። ኤ የተወሰነ ሰው ብቻ ያግኝ፣ ነገሩ ያበቃል።

የአምስት ኪሎዋ፦ በከርቭ የተማርኩ ነኝ። የዶርም ጓደኛዬ ሃንድአውት ፍራሽ ሥር ትደብቅብኝ ነበር። ሰነፍ ክፍል ውስጥ ከገባህ ደግሞ 55 አምጥተህ ኤ ነው።

ሰቃይ ነበርኩ፦ ቢያንስ ኤው ክብር ነበረው።

የአምስት ኪሎዋ፦ ላንተ ነዋ።

— ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ ስለዚህ አትጨቃጨቁ። አሜሪካ ውስጥ ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ሞክሮታል። በፈረንጆቹ 2004 ኤ ከመቶ 35 እንዳይበልጥ ብሎ ወሰነ። ተማሪው ሌላው ጋ ኤ ሲታፈስ እኛ ለምን እንቀጣለን አለ። በ2014 ተወው። አንድ ግቢ ብቻውን ሲያጠብቅ የሚጎዳው የራሱ ተማሪ ነው። ከርቭ ደግሞ ማን ከማን እንደሚበልጥ እንጂ ማን ምን እንደሚያውቅ አይነግርም።

ጂሲ፦ ጋሼ፣ ኤ ለምን በዛ?

— ከላይ ጽፌያለሁ። አንብብ።

ጂሲ፦ ረዝሞብኝ ነው።

— ፋይናሉም ይረዝማል።

የማታ ተማሪዋ፦ የመውጫ ፈተናውስ? ግሬዱን አያጋልጠውም?

— በከፊል። የሕግ ተማሪዎች ቀድመው ይፈተኑ ነበር። በ2015 ሐምሌ ላይ ለሌሎቹም ሲመጣ ማለፊያው 50 ሆነ፤ ያለፈው ከመቶ 40 ገደማ ነበር። ከመንግሥት ተቋማት ከመቶ 62 ገደማ፣ ከግሎቹ 17 ገደማ። የወደቁትም ሁሉ ኮርሳቸውን አልፈው የመጡ ናቸው። ግን ተጠንቀቁ፤ የግል ሁሉ ማርክ ያድላል ማለት አይደለም። የሚገባላቸው ተማሪም አንድ ዓይነት አይደለም። አንድ ፈተና የአራት ዓመት ትምህርት ሁሉ አይለካም። እኔ የምፈልገው ቀላል ነው፦ ፋይናል ላይ ብቻውን ግማሹን ያላገኘ ሰው ኮርሱን አይለፍ።

ሦስተኛ ዓመት፦ ጋሼ፣ አንድ መምህር ጠምዶኛል። ምን ላድርግ?

— «ጠምዶኛል» ጥያቄ አይደለም። የፋይናል ወረቀትህን አይተሃል?

ሦስተኛ ዓመት፦ አላየሁም። ትራንስክሪፕቴን ልላክ?

— አትላክ አልኩ! ወረቀቴን ልይ ብለህ ጠይቅ። ካልሆነ ለትምህርት ክፍሉ በጽሑፍ አመልክት። ቡናዬም አለቀ፣ ልሂድ።

(ከሁለት ቀን በኋላ)

ሦስተኛ ዓመት፦ ጋሼ፣ አየሁት። ፋይናሉ 19 ነው።

— ከስንት?

ሦስተኛ ዓመት፦ ከ50።

— ምን ሰጠህ?

ሦስተኛ ዓመት፦ ሲ ፕላስ። ድምሩ 61 ነው።

— 42ቱን ከየት አመጣኸው?

ሦስተኛ ዓመት፦ የቡድን ነበር።