ታንኳ ሠሪዎቹን ለማየት ከሆነ በእግር ሂጂ

እህቴ፣ «እናቴን ይዤ ባሕር ዳር ልሄድ ነው፤ ታንኳ ሲሠራ ለማየት የጀልባ ጉብኝቱ ይበቃል ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። አይበቃም። እኔም የሄድኩት ከእናቴ ጋር ስለነበር ልንገርሽ።

1. በጠዋት ውጪ። ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ ይነሳል፤ ማዕበሉ ለእናትሽ አይመችም።

2. «ሁሉም አለበት» ለሚልሽ ሰው አትክፈይ። እኛን አንድ ቲኬት ሻጭ የዓባይ መውጫ፣ ጉማሬ፣ የታንኳ መንደር፣ ሁሉም አለበት ብሎ አስከፈለን። ዓባይ ከጣና የሚወጣበት ጋ ስንደርስ ጀልባው ቀዝቀዝ አለ። ነጂው ዳር ላይ የተደገፉ ታንኳዎችን በጣቱ አሳየንና «ያውላችሁ መንደሩ» ብሎ አዞረው። እናቴ «ሠሪዎቹስ?» እንዳለች ቀረች። ቢሮ ሄደን ስንጠይቅ ልጅቷ ከስልኳ ቀና እንኳ ሳትል «አይታችሁ የለ እንዴ!» አለችን። እናቴን እንዲያ መመለሷ እስካሁን ያንገበግበኛል። ከዚያ ሁሉ ብር ደግሞ ለሠሪዎቹ አምስት ሳንቲም አልደረሳቸውም።

በማግስቱ ባጃጅ ይዘን ሄድን፤ የቀረውን እየጠየቅን በእግር ገባን። ታንኳ ሠሪዎቹ ነገደ የሚባሉ የጣና ዳር ሰዎች ናቸው። ስትጠይቂ «የነገደዎች ሰፈር» በይ፤ «ወይጦ» የሚለው መጠሪያ ቅር ያሰኛቸዋል።

አንድ አባት የደረቀ ደንገል (ታንኳ የሚሠራበት የውኃ ዳር ተክል) እያሰሩ አገኘን። እግራቸውን እስሩ ላይ ተክለው ገመዱን ወደ ደረታቸው ይስቡታል፤ ደንገሉ ይንጣጣል። ምስማር የሚባል ነገር የለም። ጭነቱን ውኃ እንዳይነካው መሃሉ ላይ ሌላ እስር ይደርቡበታል። ታንኳ ውኃ ስለሚጠጣ ከሐይቅ በወጣ ቁጥር ፀሐይ ካልመታው ይበሰብሳል። ስለዚህ ሥራው አያልቅም፤ እያለቀ ያለው ደንገሉ ነው። «ድሮ ከደጃችን ነበር የምናጭደው፤ አሁን ርቀን ነው» አሉን። እኔንም አንዱን እስር አስቋጠሩኝ፤ ሳይፈቱት ወደ ቀጣዩ አለፉ። ኮራሁ።

ኖርዌያዊው አሳሽ ቶር ሄየርዳል በ1969 እ.ኤ.አ. አትላንቲክን ለማቋረጥ የተነሳበት የደንገል ጀልባ ከጣና በተወሰደ ደንገል ነበር የተሠራው። ሠሪዎቹን ያመጣው ግን ከቻድ ነው። ይህን ለእኒያ አባት ስነግራቸው ትንሽ አሰቡና «ታዲያ ደንገሉን ሲወስድ ሠሪውን ምን ነካው?» አሉ። እኔም መልስ አጣሁ።

3. ዕቃ ከሠሪው እጅ ግዢ። ትንንሾቹ ታንኳዎች ሻንጣ ውስጥ ይገባሉ። ዋጋ አትከራከሪ፤ ስንት ሰዓት እንደፈጀ ዓይንሽ አይቶታል። ፎቶ ሳታነሺ በፊት ፈቃድ ጠይቂ። በደንብ የደረቀውን ምረጪ፤ እርጥቡ መንገድ ላይ ይሻግትብሻል። ወደ አሜሪካ የምትመለሺ ከሆነም ከዕፅዋት የተሠራ ዕቃ መሆኑን ጉምሩክ ላይ አስመዝግቢ፤ ካልተናገርሽ ሊቀጡሽ ይችላሉ።