ቱርቦ ቤት ይፈልጋል፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

የቱርቦን ፎቶና ቪዲዮ ካወጣሁ ወዲህ ጥያቄው በዝቷል፤ እስቲ አንድ ላይ ልመልስ። ለማታውቁት፦ ቱርቦ ዓመት ከመንፈቅ ገደማ የሆነው የሐበሻና የጀርመን ሼፐርድ ክልስ ነው። አንድ ሕንፃ ሲሠራ ሠራተኞቹ ምሳቸውን እያካፈሉ አሳደጉት። ሥራው አለቀ፣ የአጥሩ ቆርቆሮ ተነቀለ፣ ሰዎቹ ሄዱ፣ እሱ እዚያው ቀረ። አሁን ለጊዜው እኔ ጋ ነው። ተከትቧል፣ ተኮላሽቷል። ጠባዩ ወርቅ ነው። ችግሩ አንድ ብቻ ነው፤ ድካም የሚባል ነገር አያውቅም።

ግቢዬ 500 ካሬ ነው። እንደ ልቡ ይሩጥበት። ይበቃዋል አይደል? (ከለገጣፎ)

አይበቃውም ወንድሜ። ይህን ስል ብዙ ሰው ይገርመዋል፤ ግን ሰፊ ግቢ ውሻን አያደክምም። ውሻ ለብቻው ስፖርት አይሠራም። ሁለት ዙር ሮጦ በሩ ሥር ይጋደማል። ኮቴ በሰማ ቁጥር ይጮኻል። ሲሰለቸው አበባውን ይቆፍራል፣ የተሰጣ ልብስ ይጎትታል። እሱን የሚያደክመው ሰው ነው። ጠዋትና ማታ አውጥቶ የሚያስኬደው፣ የሚያስተምረው፣ የሚያጫውተው ሰው። ይህ ካለ ግቢው ምርቃት ነው። ከሌለ 500 ካሬውም ለሱ ትልቅ እስር ቤት ነው።

እኔ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ነኝ። እንግዲያው ለእኔ ትሰጠኛለህ ማለት ነው?

የምትራመጂ ከሆነ፣ አዎ። ግን መጀመሪያ ጎረቤቶችሽን አነጋግሪ። ቀኑን ሙሉ ብቻውን የሚውል ከሆነ ደግሞ ይጮኻል፤ ኮሚቴው በሳምንቱ በርሽን ያንኳኳል። ቤት ሰው የሚውል ከሆነ እንነጋገር።

እኔና ባለቤቴ ሥራ ነው የምንውለው፤ ግን ዘበኛም ሠራተኛም አለን። እነሱ ያዩታል። (ከሲኤምሲ)

ጥሩ፤ እንግዲያው ላነጋግር የምመጣው እነሱን ነው። አልቀለድኩም። አዲስ አበባ ውስጥ ውሻ ከተሰጠ በኋላ ነገሩ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ወረቀቱ ላይ የሚፈርሙት ጌቶቹ ናቸው፤ ውሻው የሚኖረው ግን ከዘበኛው ጋር ነው። ዘበኛው ውሻ የሚፈራ ከሆነ ገና በመጀመሪያው ቀን ሰንሰለት ይገዛል። ሠራተኛዋ ልብስ ባጠበች ቁጥር እየዘለለ በጭቃ እግሩ የሚያበላሽባት ከሆነ በመጥረጊያ ታባርረዋለች፤ አልፈርድባትም፣ ሥራዋን ነው የጨመርንባት። ስለዚህ ስመጣ አራት ነገር አያለሁ። በሩን የሚከፍተውና የሚዘጋው ማነው? ምግቡን የሚሰጠው ማነው? ማታ የት ያድራል? ዘበኛው እረፍት ሲወጣ ማን ይተካል? ከተቻለ ለዘበኛው ጠዋት የሚያንሸራሽርበት ትንሽ ጭማሪ ይታሰብለት። እኔ እንዳየሁት ውሻውን እንደ ራሱ የሚያየው ያኔ ነው።

ለመጋዘን ጥበቃ እፈልገዋለሁ። ቀን ታስሮ ማታ ይፈታል። ሚጥሚጣ ከምግቡ ጋር ቢሰጠው ኃይለኛ ይሆናል ይባላል፤ እውነት ነው?

ቱርቦን አልሰጥም፤ ይቅርታ። ቀኑን ታስሮ የሚውል ጉልበተኛ ውሻ ጠባቂ አይሆንም፤ ያገኘውን ሁሉ የሚነክስ ይሆናል። ማታ ሲፈታ ሌባውን ከሠራተኛው አይለይም። ሚጥሚጣው ደግሞ ሆዱን ከማቃጠልና ከማስቀመጥ በስተቀር ምንም አይፈይድም። ጥሬ ሥጋም ኃይለኛ አያደርግም።

ትራፊ ምግብ ይበላል?

እንጀራ ይበላል፣ ሩዝ ይበላል፣ ከልኳንዳ የሚመጣ ቁርጥራጭ ተቀቅሎ ይበላል። ወጥ ግን አይሆንም። ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል፤ የእኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት ምን አለው? የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል፤ አይሰጥ። ቸኮሌትም እንደዚሁ።

በበዓል ሰሞን አንድ ነገር አደራ። በግ ሲታረድ ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ እባጭ ካያችሁ ለውሻ አትወርውሩ። ውስጡ ያለው ጥገኛ ትል ውሻው አንጀት ውስጥ ይራባል፤ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ ወደ ሰው ይተላለፋል፤ ሰው ጉበትና ሳንባ ላይም ያንኑ እባጭ ያበቅላል። ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። የትል መድኃኒት በየሦስት ወሩ ስጡት።

ክረምት ላይ መውጣት ካልቻልን ምን እናድርገው?

አፍንጫውን አሠሩት። ለውሻ ማሽተት ሥራ ነው፤ ሩብ ሰዓት ሲፈልግና ሲያገኝ የቆየ ውሻ ጥሩ አድርጎ ይተኛል። እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። ባዶ ሃይላንድ እወስዳለሁ፤ ክዳኑንና አንገቱ ላይ ያለችውን ቀለበት አወጣለሁ፤ ጎኑን አውራ ጣት በሚያክል ቀዳዳ ሁለት ቦታ እበሳለሁ። ውስጡ የደረቀ ዳቦ በትንንሹ ቆርሼ እጨምራለሁ። ቱርቦ መጀመሪያ ጮኸበት። ቀጥሎ በእግሩ መታው። አንድ ፍርፋሪ ስትወጣ ገባው፤ አሁን በአፍንጫው እየገፋ ሳሎኑን ይዞርበታል። ፕላስቲኩን መንከስ ሲጀምር ውሰዱበት፤ እንዳይውጠው።

የአራት ዓመት ልጅ አለችኝ። ቪዲዮው ላይ ሰው ላይ ሲዘል አየሁት።

ይዘላል፤ አልደብቅሽም። በጉልበት መግፋት ጨዋታ ይመስለዋል። ሲዘል ሁሉም ሰው ጀርባውን ይስጠው፤ አራት እግሩ መሬት ሲነካ ያኔ ይዳሰስ፣ ቁራሽ ይሰጠው። አንድ ሰው ብቻ እንኳ «ይሁን ግዴለም» ካለ ትምህርቱ ይበላሻል፤ ብዙ ጊዜ ያ ሰው አያት ናቸው። ለአራት ዓመት ልጅ ግን ቱርቦን አልመክርም። ክፋት የለበትም፤ ግን ገፍትሮ ይጥላታል። ከአሥር ዓመት በላይ ልጆች ያሉበት ቤት ይሻለዋል።

ተከትቧል ብለሃል። ቢነክስ ግን ምን ይደረጋል?

የማንም ውሻ ይሁን፣ የተከተበም ይሁን፣ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ ማጠብ፤ ከዚያ ቀጥታ ጤና ጣቢያ። የባህል መድኃኒት እያሉ መቆየት አያዋጣም፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ማዳኛ የለውም። ውሻውን አትግደሉት፤ አስራችሁ 10 ቀን ተከታተሉት። ሐኪሙ ይህን ይጠይቃችኋል። ክትባቱ በየዓመቱ ይታደሳል፤ ካርዱን አብሬ እሰጣለሁ።

ሯጭ ነኝ። ሱሉልታ ጠዋት ጠዋት ይዤው ብወጣስ?

አንተን ነበር የምፈልገው! በአጭር ርቀት ጀምር፤ ቀስ በቀስ ጨምር። ጠጠርና ሙቅ አስፋልት መዳፉን ስለሚልጠው ሲመለስ እግሩን እይለት። አንድ ነገር ብቻ፦ ጎህ ሳይቀድ አትውጣ። በዚያ በኩል ጅብ አለ፤ ጅብ ደግሞ ውሻ ካገኘ አይምርም።  በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።

ዋሽንግተን ያለች እህቴ ትወደዋለች። መላክ ይቻላል?

ይቻላል፤ ግን ወራት ይፈጃል፣ ገንዘብም ይበላል። አሜሪካ ኢትዮጵያን የውሻ እብደት ስጋቱ ከፍተኛ ከሆነባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ አስገብታለች። ከነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ውሻው ቢያንስ ስድስት ወር የሞላው፣ ማይክሮቺፕ የተደረገለት መሆን አለበት። እዚህ የተከተበ ውሻ በመንግሥት ሐኪም የተረጋገጠ የክትባት ቅጽ ያስፈልገዋል፤ ክትባቱ መሥራቱን የሚያሳየው የደም ምርመራ እውቅና ባለው ላቦራቶሪ ካልተሠራ ደግሞ እዚያ ሲደርስ 28 ቀን ተለይቶ ይቆያል። የሚገባውም በተወሰኑ ኤርፖርቶች ብቻ፣ አስቀድሞ ቦታ ተይዞለት ነው። እህትሽ በጣም ከወደደችው እንጀምር። እንዲያው ፎቶው አምሮባት ከሆነ ግን እዚያው ሰፈሯ ያለው የውሻ ማቆያ ውስጥ ቤት የሚጠብቅ አይጠፋም።

በነፃ ነው? ካልተስማማንስ?

አልሸጠውም። የክትባቱንና የማኮላሻውን ወጪ የሚጋራኝ ግን ደስ ይለኛል፤ ምንም ያላወጣ ሰው ቶሎ ይሰለቻል። ካልተስማማችሁ ለእኔ መልሱት። ለሌላ ሰው ማስተላለፍ፣ መንገድ ላይ መልቀቅ የለም፤ ይህን እናስፈርማለን። ብቻ በሦስተኛው ቀን «አይሆንም» አትበሉኝ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ወይ ይደበቃል ወይ ያብዳል። የቤቱን ሥርዓት ለመልመድ ሦስት ሳምንት ገደማ፣ ቤቴ ነው ለማለት ሦስት ወር ያህል ይፈልጋል።

እኔም የማስጠጋት ውሻ አለችኝ፤ ማስታወቂያዋን ማንም አያየውም።

ታስራ ያነሳሽውን ፎቶ አጥፊው። ቁጭ ብለሽ በዓይኗ ትክክል አንሺያት፤ አጭር ቪዲዮም ጨምሪ። ጉድለቷን ደግሞ ከላይ ጻፊው። እኔ ለቱርቦ «ጫማ ይበላል፣ ሰው ላይ ይዘላል፣ በቀን ሁለቴ ካልወጣ ያብዳል» ብዬ ነው የጀመርኩት። የሚደውለው ሰው ቀነሰ፤ የደወሉት ግን ምን እንደሚወስዱ የሚያውቁ ናቸው።

ድመት አለችኝ፤ ይስማማሉ?

ከቱርቦ ጋር? በፍጹም።