ላፕቶፔን ሳልነካ ሊኑክስን መሞከር እችላለሁ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን ውስጥ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ወንድሜ የሰጠኝ አሮጌ ላፕቶፕ አለኝ። ራሙ 4 ጊጋባይት ነው፣ የተጫነበት ዊንዶውስ 10 ነው። ተከፍቶ እስኪረጋጋ አሥር ደቂቃ ይፈጃል። ሁለት ጊዜ ሱቅ ወስጄ ፎርማት አስደርጌዋለሁ፤ ወር ሳይሞላው ያው ይሆናል። አዲስ ልግዛ ብል ደመወዜ አይፈቅድም። አንድ ተማሪዬ «ቲቸር፣ ሊኑክስ ይጫኑበት፣ ነፃ ነው» አለኝ። እኔ ግን ስለ ኮምፒውተር ብዙም አላውቅም። ውስጡ የስምንት ዓመት የፈተና ጥያቄዎቼና የልጆቼ ፎቶዎች አሉ። በአማርኛም እጽፍበታለሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ እንደምን አሉ? ተማሪዎ ደህና አድርጎ ነው የመከረዎት። እኔ ግን «ይጫኑበት» ከማለቴ በፊት «ይሞክሩት» እላለሁ። ሊኑክስ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያሠራ ሥርዓት ነው፤ ከፍላሽ ላይ ተነስቶ መሥራት ይችላል። ዊንዶውስዎም፣ ፈተናዎቹም፣ ፎቶዎቹም ባሉበት ይቆያሉ። ላፕቶፑን አጥፍተው፣ ፍላሹን ነቅለው መልሰው ሲያበሩት ሁሉንም እንደነበረ ያገኙታል።

ይህን ያስቀደምኩት በምክንያት ነው። በ1999 ዓ.ም. አካባቢ ኡቡንቱ የሚባለው ሊኑክስ ሲዲውን ለጠየቀ ሁሉ በፖስታ በነፃ ይልክ ነበር። ኡቡንቱን የጀመረው ማርክ ሸትልወርዝ የተባለ ደቡብ አፍሪካዊ ነው። እኔም ጠየቅሁና ከሳምንታት በኋላ በፖስታ ሳጥናችን መጣልኝ። ያኑ ዕለት ማታ ከታላቅ እህቴ ጋር በምንጋራው ኮምፒውተር ውስጥ ከተትኩት። ምንም ሳይጫን ከሲዲው ላይ ተነሳ። ደስታዬን አልችለው አልኩ። ከዚያ መጫኛውን ከፈትኩ። አንዱ ገጽ ላይ ዲስኩን በሙሉ የሚያጠፋ ምርጫ ነበር። ደህና አድርጌ ሳላነበው ቀጥል አልኩት። የእህቴ የሠርግ ፎቶዎች እዚያ ዲስክ ላይ ነበሩ፤ ሌላ ቅጂ አልነበራቸውም። እህቴ አልተቆጣችም፤ ዝም ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ዛሬም የሰው ላፕቶፕ በያዝኩ ቁጥር ያ ማታ ትዝ ይለኛል።

ስለዚህ እባክዎ መጀመሪያ ፎቶዎቹንና ፈተናዎቹን ወደ ሌላ ፍላሽ ወይም ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ይገልብጡ። ገልብጠው ሲጨርሱም በሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍተው ይዩዋቸው። ይህን ሳያደርጉ የሚቀጥለውን አያንብቡ።

አሁን ወደ ላፕቶፑ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደህንነት አፕዴት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕና አዲስ ፕሮሰሰር ይጠይቃል፤ ኢንቴል ከሆነ በአብዛኛው 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ። ስክሪኑ፣ ኪቦርዱ፣ ሁሉ ነገሩ ደህና የሆነ ላፕቶፕ በዚህ ምክንያት ብቻ ሲጣል ማየት ያንገበግበኛል። ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ ማስጫንም መፍትሔ አይደለም። ከክራኩ ጋር ምን ተጨምሮ እንደገባ አያውቁም። ሊኑክስን ግን ከራሱ ድረ ገጽ በሕጋዊ መንገድ፣ ያለ ክፍያ ያወርዱታል።

ሊኑክስ ብዙ ዓይነት አለው። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ የጀመረው ከርነሉን፣ ማለትም የሥርዓቱን እምብርት ነው። በእሱ ላይ ሌሎች ኡቡንቱን፣ ዴቢያንን፣ ፌዶራን፣ ሚንትን ሠሩ። ለእርስዎ የምመርጠው ሊኑክስ ሚንትን ነው። ከታች በግራ ሜኑ አለው፣ በቀኝ ሰዓትና ዋይፋይ። ከዊንዶውስ ለመጣ ሰው እንግዳ አይሆንም። ሚንት ራሱ በሦስት መልክ ይመጣል፤ እርስዎ «ኤክስኤፍሲኢ» የሚለውን ያውርዱ። ቀለል ያለው እሱ ስለሆነ ለ4 ጊጋ ራም ይስማማል። ፋይሉ 3 ጊጋባይት ገደማ ነው። ዋይፋይ ካለበት ቦታ ቢያወርዱት ይሻላል፤ ከሌለም በሌሊት ጥቅል።

ቢያንስ 8 ጊጋ የሆነ ፍላሽ ያዘጋጁ። ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ ስለዚህ ፎቶ የገለበጡበት ፍላሽ እንዳይሆን። ያወረዱትን ፋይል ፍላሹ ላይ ኮፒ ፔስት ቢያደርጉት አይነሳም። ብዙ ጀማሪ የሚሰናከለው እዚህ ጋ ነው። «ሩፈስ» የምትባል ትንሽ ነፃ ፕሮግራም አለች፤ ፋይሉንና ፍላሹን መርጠው ጀምር ይበሏት። የቀረውን እሷ ትጨርሰዋለች።

ከዚያ ዊንዶውስን ሲዘጉ የሺፍት ቁልፍን ተጭነው «ሻት ዳውን» ይበሉ። እንዲህ ካልሆነ ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ ላይዘጋ ይችላል፤ ዲስኩንም ከሊኑክስ በኩል ለመክፈት ያስቸግራል። ፍላሹን ሰክተው ላፕቶፑን እንዳበሩት ዴል ወይም ሌኖቮ ከሆነ ኤፍ12ን፣ ኤችፒ ከሆነ ኤፍ9ን ቶሎ ቶሎ ይጫኑ። ዝርዝር ሲመጣ ፍላሹን ይምረጡ። ቀጥሎ በሚመጣው ገጽ የመጀመሪያውን መስመር ኢንተር ይበሉትና ይጠብቁ።

ሚንት ሲከፈት መጫኛው ዴስክቶፕ ላይ ተቀምጦ ያገኙታል። አይንኩት። የመጣነው ለሙከራ ነው። ዋይፋዩ ይገናኛል? ድምፅ አለ? የስክሪኑ ብርሃን ይጨምራል፣ ይቀንሳል? ክዳኑን ዘግተው ሲከፍቱት ይነቃል? የትምህርት ቤቱን ፕሪንተር ካገኙም ሰክተው አንድ ገጽ ያትሙ። ዋይፋዩ እንቢ ካለ ተስፋ አይቁረጡ። አንዳንዱ የዋይፋይ ካርድ ድራይቨሩ፣ ማለትም ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ ከኢንተርኔት መምጣት አለበት። ስልክዎን በቻርጀር ኬብሉ ከላፕቶፑ ጋር ያገናኙና «ዩኤስቢ ቴዘሪንግ»ን ያብሩ፤ በስልክዎ ኢንተርኔት ይገባሉ። ፕሮግራም ሲከፍቱ ቢዘገይ ደግሞ በዚያ አይፍረዱበት፤ ከፍላሽ ላይ እየሠራ ነው። የሚጽፉትንም በሌላ ፍላሽ ያስቀምጡ፤ ሲጠፋ ምንም አይዝም።

አንድ ነገር ላሳይዎት። ትምህርት ቤት ውስጥ ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ነው የሚዞረው። ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገውን ቫይረስ መቼም ያውቁታል። ባለፈው አንድ አስተማሪ ጎረቤቴ ፍላሿን ይዛ እያለቀሰች መጣች፤ የሁለት ሴሚስተር ማርክ ጠፋብኝ ብላ። እንዲሁ በሙከራ በተነሳ ሚንት ላይ ሰካነው። ሾርትከቶቹ ምንም የማያደርጉ ተራ ፋይሎች ሆነው ቁጭ አሉ። ከጎናቸው ስም የሌለው ፎልደር ነበር፤ ዊንዶውስ ላይ የተደበቀው። ስንከፍተው ማርኩ በሙሉ እዚያው አለ። ፋይሎቹን ገልብጣ ሄደች። ይህን ለማድረግ ሊኑክስ መጫን እንኳ አላስፈለጋትም። የእርስዎም የሙከራ ፍላሽ ለዚህ ብቻ እንኳ ቦርሳዎ ውስጥ መቀመጥ ይገባዋል።

አማርኛው አያሳስብዎት። ለመጻፍ ከሶፍትዌር ማኔጀሩ (ፕሮግራም ከሚወርድበት ቦታ) የመጻፊያ ፕሮግራሙን «አይባስ»ንና «ኤም17ኤን» የሚለውን ተጨማሪውን ይጫኑ፤ ከቋንቋዎቹ መሐል አማርኛ፣ «ሴራ» የሚለውን ይምረጡ። እንደ ድምፁ ነው የሚጻፈው። ኤስና ኢ ሲነኩ «ሰ»፣ ኤልና ኤ ሲነኩ «ላ»፣ ኤም ብቻ ሲነኩ «ም»፤ «ሰላም» ብለው ጻፉ ማለት ነው። ፈተናዎችዎ የማይክሮሶፍት ኦፊስን ሥራ በሚሠራው ነፃ ፕሮግራም፣ በሊብሬኦፊስ፣ ይከፈታሉ። የሚያስቸግረው የገጽ አቀማመጡ ነው። በዊንዶውስ «ኒያላ» ፊደል የተጻፈ ፈተና ሊኑክስ ላይ ኒያላን ስለማያገኝ በሌላ የግዕዝ ፊደል ይተካል። ያኔ መስመሩ ይሸሻል፤ ጥያቄ 10 አንድ ገጽ ላይ፣ ምርጫዎቹ ሌላ ገጽ ላይ ሊያርፉ ይችላሉ። ከማባዛትዎ በፊት ገጽ በገጽ ይዩት፣ ከዚያ ፒዲኤፍ አድርገው ይላኩት። ዩኒኮድ የሚባለው የጋራ የፊደል ኮድ ሳይለመድ በፊት በቆዩ ፊደላት የተጻፈ ሰነድ ካለዎት ያንኑ ፊደል ካልጫኑለት የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ሆኖ ነው የሚታየው።

ፎርማት ተደርጎ በወሩ ያው ሆነ ያሉኝ ነገር ግን አልተዋጠልኝም። ዲስኩን እጠረጥራለሁ። በሙከራው ላይ እያሉ ከሜኑ «ዲስክስ» የሚለውን ከፍተው የሃርድ ዲስኩን የስማርት መረጃ፣ ማለትም የጤንነቱን መረጃ፣ ይመልከቱ። ዲስኩ ሊበላሽ ተቃርቦ ከሆነ እዚያ ምልክት ያሳያል። የሚሽከረከረው ዓይነት ሃርድ ዲስክ ከሆነ ደግሞ ባይበላሽም ቀርፋፋ ነው። በኤስኤስዲ፣ ማለትም በማይሽከረከረው ፈጣን ዲስክ፣ ማስቀየር ከአዲስ ላፕቶፕ በብዙ እጅ ይረክሳል። ገንዘብ ካለዎት ቅድሚያውን ለእሱ ይስጡ፤ ሊኑክስ የተበላሸ ዲስክ አያድንም።

አንድ ሳምንት ይሞክሩት። ከወደዱት በዚያን ጊዜ ይጫኑት፤ ዊንዶውስን ሳያጠፉ ጎን ለጎን የሚል ምርጫ አለ። ባትሪውን ሞልተው፣ ቻርጀሩን ሰክተው ይጀምሩ። መብራት በመሐል ሄዶ ላፕቶፑ ከጠፋ ሥራው ግማሽ ላይ ይቀራል። ዲስኩን የሚከፋፍለው ገጽ ጋ ሲደርሱ ተማሪዎን ይጥሩትና አብራችሁ አንብቡት።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ በአንድ የግል ድርጅት ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሥራዬ በሙሉ ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም ነው። ሊኑክስ ብጭን ይሠራልኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለሥራ ኮምፒውተርህ አልመክርህም። ፒችትሪ የተሠራው ለዊንዶውስ ነው። የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን ሊኑክስ ላይ የሚያስነሳ «ዋይን» የሚባል መንገድ አለ፤ ግን የድርጅት ሒሳብ በእሱ ላይ ተማምኜ አልሰጥም። የወር መዝጊያ ደርሶ ቢቆምብህ ተጠያቂው አንተ ነህ። የቢሮው ማሽን በዊንዶውስ ይቆይ። ቤት ውስጥ ሌላ ላፕቶፕ ካለህ ግን ከላይ ለእህታችን የጻፍኩትን እንዳለ ተከተል። ብሮውዘሩ፣ ቴሌግራሙ፣ ኤክሴል ፋይሎችህን የሚከፍተው ሊብሬኦፊስ፣ ሁሉም አለ። ማክሮ (በራሱ የሚሠራ የትእዛዝ ስብስብ) ያለበትን የኤክሴል ፋይል ብቻ ለብቻው ፈትሸው።