የቀድሞው የጊዜ ክፍያ እስኪያልቅ የዘንድሮውን ግብር ማሳወቅ ማዘግየት ይቻላል?

ለተከበሩ ጠያቂያችን፣

ጥያቄዎ ባጭሩ ይህ ነው። ቡሬ ላይ በበርበሬና በበቆሎ ንግድ የተሰማራ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ሥራ አስኪያጅ ነዎት። ማኅበሩ በኦዲት የተወሰነበትን የቀደመ ዓመት ግብር ወር በገባ በ15 ለመክፈል የጊዜ ክፍያ ስምምነት ፈርሟል፤ የመጨረሻው ክፍያ ታኅሣሥ ላይ ይጠናቀቃል። የዘንድሮው የማሳወቂያ ጊዜ ግን ጥቅምት 30 ያበቃል። አዲስ ዕዳ ይዘው ቢቀርቡ ስምምነቱ እንዳይፈርስብዎ ስለሰጉ፣ የቀድሞውን ጨርሰው ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ቢያሳውቁ ይሻል እንደሆነ ጠይቀዋል።

አይሻልም፤ እባክዎ አያድርጉት።

ማኅበርዎ ድርጅት በመሆኑ ደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ ነው፤ ስለዚህ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ከተዘጋ በኋላ ባሉት አራት ወራት ውስጥ ግብሩን የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ማሳወቅ እና መክፈል ሁለት የተለያዩ ግዴታዎች ሲሆኑ፣ የፌዴራል ታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቅጣት ደንግጓል። ለምሳሌ ግብር የሚከፈልበት ትርፍዎ 1,000,000 ብር ቢሆን፣ በ30 ከመቶ ሲሰላ ግብሩ 300,000 ብር ይሆናል። ዘግይቶ ማሳወቅ 5 ከመቶ፣ ማለትም 15,000 ብር ያስቀጣል፤ ይህ ቅጣት እስከ 25 ከመቶ ሊደርስ ይችላል። ዘግይቶ መክፈል ደግሞ ለመጀመሪያው ወር 5 ከመቶ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ወር ወይም የወሩ ከፊል 2 ከመቶ ያስቀጣል። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ቢቀርቡ ወለዱን ሳይጨምር 36,000 ብር ቅጣት ይጠብቅዎታል ማለት ነው። የማሳወቂያ ጊዜ እንዲራዘምልዎ ቢያመለክቱም ነገሩ አይፈታም፤ ማሳወቂያው ቢራዘም የመክፈያው ቀን አብሮ አይራዘምምና።

መፍትሔው በወቅቱ አሳውቆ የመክፈያ ጊዜ ማስረዘሚያ መጠየቅ ነው። አዋጁ በቂ ምክንያት ላለው ግብር ከፋይ ጊዜ እንዲራዘምለት ወይም በየጊዜው ከፋፍሎ እንዲከፍል እንዲፈቀድለት በጽሑፍ የማመልከት መብት ይሰጠዋል። የእርስዎ ምክንያት ጠንካራ ነው፤ የበርበሬ ነጋዴ ገንዘብ የሚያገኘው አዲሱ ምርት ከኅዳር ወዲህ ገበያ ሲወጣ እንጂ በመስከረምና በጥቅምት እንዳልሆነ የባንክ ሒሳብ መግለጫዎን አያይዘው ያስረዱ። ውሳኔ በዕለቱ ስለማይሰጥ እስከ ጥቅምት 29 አይጠብቁ፤ መስከረም ውስጥ ያሳውቁ፣ ማመልከቻውንም በዚያው ጊዜ ያስገቡ። ቀድመው ማሳወቅዎ የመክፈያውን ቀን አያስቀድመውም። በእጅዎ የሚቀረው ቅጂ ላይ ቀኑ ያለበት የገቢ ማኅተም መኖሩን ሳያዩ ከመስኮቱ አይራቁ፤ ያ ማኅተም ባለመኖሩ «አመልክቻለሁ» የሚለውን ቃሉን ማስረዳት ያቃተው ደንበኛ ገጥሞኛል። ጊዜው ቢፈቀድልዎም ወለዱ ከመጀመሪያው የመክፈያ ቀን ጀምሮ መቆጠሩ ስለማይቀር፣ የተወሰነውንም ቢሆን ቀደም ብሎ መክፈል ይጠቅማል። የመዘግየት ቅጣቱ እንዴት እንደታየም በውሳኔው ላይ እንዲገለጽልዎ ይጠይቁ።

ስምምነቱን በሕግ የሚያፈርሰው አንዱን ክፍያ ማጓደል ነው፤ አንድ ወር ከተጓደለ ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ቀሪውን ዕዳ በሙሉ በአንድ ጊዜ ሊያስከፍል ይችላል። ስለዚህ የጥቅምት 15ቱን ክፍያ ለአዲሱ ግብር ብለው እንዳያዘገዩ አደራ። ቢሆንም የፈረሙትን ወረቀት አውጥተው እያንዳንዱን አንቀጽ ያንብቡ፤ የወቅቱን ግብር በጊዜው መክፈልን እንደ ቅድመ ሁኔታ ያስቀመጠ ከሆነ፣ አዲሱ ማመልከቻዎ ይህንኑ ጠቅሶ የሁለቱ ዕዳዎች ሰሌዳ በአንድነት እንዲታይ መጠየቅ አለበት።

ሌላው ነገር፣ በርበሬውን የገዙ ድርጅቶች ከክፍያዎ ላይ ቀንሰው ያስቀሩትን ግብር ደረሰኞች ሳይሰበስቡ ሒሳቡን አይዝጉ። ያ ገንዘብ ከዓመቱ ግብር ላይ ይቀነሳል፤ የእያንዳንዱ ገዢ ደረሰኝ ከሽያጭ መዝገብዎ ጋር ሲመሳከር፣ እንዲራዘምልዎ የሚጠይቁት ዕዳ ካሰቡት በታች ሆኖ ሊገኝ ይችላል።