ቤታችንን ሌላ ሰው ሲያጸዳልን፦ የንጽህና ጥያቄና መልስ

ሥራዬ የጽዳት ሠራተኞችን ማሠልጠን ነው። መጀመሪያ በሆስፒታል ነበር፣ አሁን በመኖሪያ ቤቶች ነው። ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁኝ ብዬ ስለነበር ብዙ ደርሶኛል። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ። አቋሜን ግን ከወዲሁ ልናገር። ያጸዳው ማንም ይሁን ማን፣ የቤቱን የንጽህና ደረጃ የሚወስነው ባለቤቱ ነው። ጨርቁን የሚገዛው፣ ሰዓቱን የሚመድበው፣ «ከዚህ ጀምሪ» የሚለው እሱ ነውና።

ጥያቄ፦ ወለሉ ያብረቀርቃል፤ ቤቱም በረኪና በረኪና ይሸታል። ግን የምር መጽዳቱን በምን ልወቅ?

መልስ፦ ሽታውን ተወው ወንድሜ። ሽታው የሚነግርህ በረኪና መፍሰሱን ብቻ ነው። ቆሻሻ ላይ የፈሰሰ በረኪና ጉልበቱን እዚያው ቆሻሻው ላይ ይጨርሳል፤ ጀርሙ ጋ አይደርስም። ስለዚህ መጀመሪያ በሳሙናና በውሃ ይታጠባል፣ ይለቀለቃል፣ ከዚያ ጀርም መግደል የሚያስፈልግበት ቦታ ላይ ብቻ በረኪና ይገባል።

እኔ ሰው ቤት ስገባ ከወለሉ በፊት የማየው ባልዲውን ነው። ሳሎኑ ሲወለወል ውሃው ገና ንጹህ ነው። ቀጣዩ ክፍል ላይ ይደፈርሳል። ኩሽና ሲደርስ ግራጫ ሆኗል፤ ፀጉርና ብናኝ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። መወልወያው እዚያ ውስጥ ተነክሮ፣ ተጨምቆ፣ እንደገና ወለሉ ላይ ሲያርፍ የሳሎኑን ቆሻሻ ኩሽና እያደረሰ ነው። ሲደርቅ ያብረቀርቃል። በባዶ እግር ሲረግጡት ግን ያዝ ያዝ ያደርጋል። ያ ምልክት ነው፤ ወይ ውሃው አልተቀየረም፣ ወይ ሳሙናው በዝቶ አልተለቀለቀም።

ቀጥሎ የማየው እጅ የሚበዛበትን ቦታ ነው። የበር እጀታ፣ ማብሪያ ማጥፊያ፣ የቧንቧ መክፈቻ፣ የፍሪጅ እጀታ፣ ሪሞት። ብዙ ቤት ውስጥ ወለሉ በቀን ሁለት ጊዜ ይወለወላል፤ የሽንት ቤቱን የበር እጀታ ግን ለወራት ማንም አያጸዳውም። በሽታ የሚተላለፈው ደግሞ ከወለሉ ይልቅ በእጃችን በኩል ነው።

ጥያቄ፦ የምታግዘኝ ልጅ ሽንት ቤቱን በጠረገችበት ጨርቅ የኩሽናውን ጠረጴዛ ስትጠርግ አየኋት። ጥሩ ልጅ ናት፤ እንዳይከፋት ፈራሁ። እንዴት ልንገራት?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ አንድ ጥያቄ እኔ ልጠይቅሽ። ስንት ጨርቅ ሰጥተሻታል? አንድ ወይም ሁለት ከሆነ ጥፋቱ የእሷ አይደለም።

በሙያው የተለመደ ቀላል ዘዴ አለ፤ ጨርቅን በቀለም መለየት። በብዙ ቦታ ቀይ ለሽንት ቤት መቀመጫና ለአካባቢው፣ ቢጫ ለእጅ መታጠቢያና ለሻወር፣ አረንጓዴ ለኩሽና፣ ሰማያዊ ለቀሪው ቤት ነው። የግድ እነዚህን ቀለሞች ማግኘት የለብሽም። ዋናው የሽንት ቤቱ ጨርቅ ከሩቅ የሚለይ መሆኑ ነው። የሚቀመጠውም ለብቻው፣ የሚታጠበውም ለብቻው ይሁን። ጓንቱም እንዲሁ።

አነጋገሩን በተመለከተ፣ «ለምን እንዲህ አደረግሽ» ብለሽ አትጀምሪ። ጨርቆቹን ገዝተሽ ነይና አብራችሁ ቦታ ቦታቸውን አስይዙ። «ከዛሬ ጀምሮ ቀዩ ከሽንት ቤት አይወጣም፤ እኔም ልጆቹም እንዲሁ» በያት። ደንቡ የቤቱ ሰው ሁሉ ደንብ ከሆነ ማንም አይከፋውም። ምክንያቱንም ንገሪያት። ለምን እንደሆነ የገባት ሰው ማንም ሳያያትም ትጠብቀዋለች። ትእዛዝ ብቻ የሰማች ግን አንቺ ዞር ስትዪ ትረሳዋለች፤ ሰው ነን።

ቅደም ተከተልም አለው። ከላይ ወደ ታች፣ ከደረቅ ወደ እርጥብ፣ ከንጹሁ ወደ ቆሻሻው። ሽንት ቤት መጨረሻ።

ጥያቄ፦ ሠራተኛችን «ኃይለኛ እንዲሆን» ብላ በረኪናውን ከሌላ የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር ትደባልቃለች። ባለፈው ሲያስላት ቆየ። ችግር አለው?

መልስ፦ በጣም አለው! እባክዎ ዛሬውኑ ያስቁሙ።

በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ብዙዎቹ የሽንት ቤት ማጽጃዎች አሲድ አለባቸው፤ ኮምጣጤም አሲድ ነው። አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ክሎራሚን የሚባል ሌላ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። አንዳንድ የመስታወት ማጽጃዎች አሞኒያ አላቸው። ጠባብና መስኮቱ የተዘጋ ሽንት ቤት ውስጥ ይህ ሳንባን ይጎዳል፤ ሲብስ ሰው ይገድላል። እንዲህ ዓይነት ነገር ከተፈጠረ ወዲያው ጥሎ መውጣት፣ ንጹህ አየር ማግኘት፣ ሳሉ ወይም የትንፋሽ ማጠሩ ካልተወ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። «ትንሽ ቆይቶ ይተዋታል» አይባልም።

በረኪና ብቻውን፣ በውሃ ተበጥብጦ ይበቃል። መጠኑን በተመለከተ መጀመሪያ የራሱን ጠርሙስ ያንብቡ። ጥንካሬው 5 በመቶ ገደማ የሆነው የተለመደው የቤት በረኪና ከሆነ 20 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 4 የሻይ ማንኪያ፣ በ1 ሊትር ውሃ ለጠረጴዛና ለእጀታ በቂ ነው። ከተቀባ በኋላ ወዲያው አይጠረግም። ቦታው ለጥቂት ደቂቃ እርጥብ ሆኖ ይቆይ፤ የሚሠራው ያን ጊዜ ነውና። ምግብ የሚነካው ቦታ ከሆነ በኋላ በንጹህ ውሃ ይለቅለቅ። የተበጠበጠው ለዚያው ቀን ነው፤ እያደረ ኃይሉ ይሞታል።

ሌላም ልጨምር። በረኪናን በውሃ ወይም በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ገልብጦ ማስቀመጥ አይቻልም። ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል። ሥራ የጀመረች አዲስ ሠራተኛም ምን እንደሆነ ሳታውቅ ትጠቀምበታለች። በራሱ ዕቃ፣ ጽሑፉ ሳይላጥ፣ ልጅ የማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ። ማንበብ የማትችል ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱን ጠርሙስ በእጅዎ ይዘው ያስረዷት።

ጥያቄ፦ በረኪናን በሙቅ ውሃ መበጥበጥ ይሻላል?

መልስ፦ አይ፣ በቀዝቃዛ። ሙቀት ያዳክመዋል፤ እንፋሎቱም ደረት ያቃጥላል። ሙቅ ውሃ ለሳሙናው ይሁን።

ጥያቄ፦ ሳህን የምናጥብበት ስፖንጅ በስንት ጊዜ ይቀየር? ሠራተኛዬ እስኪበጣጠስ ትጠቀምበታለች።

መልስ፦ በየሳምንቱ ቀይሩት። እ.ኤ.አ. በ2017 ጀርመን ውስጥ ተመራማሪዎች ሰው የተጠቀመባቸውን 14 የኩሽና ስፖንጆች መርምረው ነበር። በጣም በተጨናነቀው ቦታ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ከ50 ቢሊዮን በላይ ባክቴሪያ አገኙ። ሁሉም በሽታ ያመጣል ማለት አይደለም፤ ግን ሳህን የምናጥብበት ዕቃ ነው። ከተጠቀሙበት በኋላ በደንብ ተጨምቆ አየር የሚያገኘው ቦታ ይቀመጥ። ሲንኩ ውስጥ ተነክሮ ማደር የለበትም። ጥሬ ሥጋ የነካ መክተፊያ የታጠበበት ስፖንጅም ለብርጭቆ አይሆንም።

«እስኪበጣጠስ» ላሉት ግን፣ ምናልባት አዲስ መጠየቅ ትፈራ ይሆናል። መሳቢያ ውስጥ ትርፍ አስቀምጡላትና ሳትጠይቅ ትውሰድ።

ጥያቄ፦ ለንጽህና ብለን ለሠራተኛዋ የራሷን ሳህንና ብርጭቆ ለይተንላታል። ትክክል ነው?

መልስ፦ በቀጥታ ልናገር፣ ይህ ከንጽህና ጋር ግንኙነት የለውም። በሳሙና በደንብ የታጠበ ብርጭቆ ለሁሉም ንጹህ ነው። በደንብ ያልታጠበ ከሆነ ደግሞ ከባልና ከሚስትም በሽታ ይተላለፍበታል። ደግሞም ምግቡን የምታቀርበው፣ ሳህኑን የምታጥበው፣ የልጆቹን አፍ የምትጠርገው እሷ ናት። ይህን ሁሉ በእጇ እየተቀበላችሁ ብርጭቆዋን መለየት ማንንም ከምንም አያድንም። የሚጎዳው እሷን ነው። ተዉት።

የሚጠቅም ነገር ማድረግ ከፈለጋችሁ የምትታጠብበት ሳሙናና የራሷ ደረቅ የእጅ ፎጣ ስጧት። ለእያንዳንዱ የቤቱ ሰውም እንዲሁ አድርጉ። እርጥብ የጋራ ፎጣ ከብርጭቆው የባሰ ነው።

ጥያቄ፦ ከሌላ ቤት ሠርታ ነው የምትመጣው። ስትገባ እጅሽን ታጠቢ ማለት ነውር አይሆንም?

መልስ፦ ነውር የሚሆነው እሷን ብቻ ስታስታጥቢ ነው። ከውጭ የገባ ሁሉ ይታጠብ፤ አንቺም፣ እንግዳም፣ ልጆችም። በሳሙና፣ ቢያንስ 20 ሰከንድ፣ በጣቶች መካከልና ጥፍር ሥር። ጓንት አውልቃ ስትጨርስም ትታጠብ፤ ጓንት የእጅ መታጠብን አይተካም።

ሌላው፣ መወልወያና ጨርቅ ከቤት ቤት ይዛ የምትዞር ከሆነ የቤትሽን ትጠቀም። የሰው ቤት የሽንት ቤት ጨርቅ አንቺ ቤት ምን ይሠራል?

ጥያቄ፦ እኔ ሰው ቤት ነው የማጸዳው። እጄ ተሰነጣጥቋል፤ በረኪና ስጠቀም ደረቴን ይይዘኛል። ጓንት ስጠይቅ «በጓንት አይጸዳም» ይሉኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እንኳን ጻፍሽልኝ እህቴ። ይህን ጥያቄ አሠሪዎችም እንዲያነቡት እፈልጋለሁ።

የሚሰማሽ ቅብጠት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ፣ በኖርዌይ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የመሩት ጥናት ከ6,000 በላይ ሰዎችን 20 ዓመት ያህል ተከታትሏል። በሙያቸው የሚያጸዱትም፣ ቤታቸውን ራሳቸው የሚያጸዱትም ሴቶች የሳንባቸው አቅም ከማያጸዱት ይልቅ ቶሎ እየቀነሰ መሄዱን አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2011 የጸደቀው የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 189 ደግሞ በአንቀጽ 13 ላይ እያንዳንዱ የቤት ሠራተኛ ደህንነቱና ጤንነቱ በተጠበቀ ሁኔታ የመሥራት መብት አለው ይላል። ጓንት መጠየቅሽ ልክ ነው።

እስከዚያው መስኮትና በር ከፍተሽ ሥሪ። የሚረጭ ማጽጃ ከሆነ አየር ላይ ከመርጨት ጨርቁ ላይ አድርጊው፤ ወደ ሳንባሽ የሚገባው ይቀንሳል። በረኪናውን በመጠኑ በጥብጪ፤ ማብዛቱ ንጽህና አይጨምርም። ስትጨርሺ እጅሽን አለቅልቀሽ፣ አድርቀሽ፣ ቅባት ተቀቢ። የተሰነጠቀ ቆዳ ራሱ ለጀርም በር ነው፤ አሠሪሽ ለራሱ ቤት ቢያስብ እንኳ ጓንቱን ይገዛል። ደረትሽ ደጋግሞ ከያዘሽ ሐኪም ይይሽ፤ የምትጠቀሚውን ማጽጃ ስም ጽፈሽ ሂጂ።

ጥያቄ፦ ልጄ ሌሊቱን ሲያስመልሰው አደረ። ጠዋት የምትመጣው ሠራተኛ ታጽዳው ወይስ እኔ?

መልስ፦ ከቻልሽ አንቺ፣ ወዲያውኑ። እንዲህ ያለ ድንገተኛ ትውከትና ተቅማጥ ብዙ ጊዜ ከኖሮቫይረስ ይመጣል። በጣም ይዛመታል፤ ዕቃ ላይም ለቀናት ይቆያል። ጓንት አድርጊ። በሚጣል ወረቀት ሰብስቢና በፌስታል አስረሽ ጣይ። ቦታውን በሳሙና እጠቢ። ከዚያ ከላይ ከነገርኩት ጠንከር ያለ፣ 100 ሚሊ ሊትር በረኪና በ900 ሚሊ ሊትር ውሃ አድርገሽ ቢያንስ 5 ደቂቃ ይቆይ። በረኪና የሚያበላሸው ምንጣፍ ወይም ልብስ ከሆነ ሙቅ ውሃና ሳሙና። የእጅ አልኮል ለዚህ ቫይረስ ብዙም አይሠራም፤ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ።

ሠራተኛዋ ስትመጣ ልጁ ምን እንደሆነ ንገሪያት። እሷም ቤቷ ልጆች ይኖሯታል። እሷን ራሷን ካስመለሳት ደግሞ፣ ከተዋት በኋላ ቢያንስ 2 ቀን ትረፍ፤ በተለይ ምግብ የምትነካ ከሆነ። ክፍያዋ ግን አይቆረጥ። የሚቆረጥ ከሆነ ሕመሟን ደብቃ ትመጣለች፤ ያኔ የምትታመሙት ሁላችሁም ናችሁ።

ጥያቄ፦ በሳምንት አንድ ቀን፣ ግማሽ ቀን ብቻ ነው የምትመጣልን። ሁሉንም አዳርሳ አትጨርስም፤ ስንፈትሽም የቀረ ነገር አናጣም።

መልስ፦ ግማሽ ቀን ለሙሉ ቤት አይበቃም። አንድ ጊዜ ራስዎ ሽንት ቤቱን አጽድተው ሰዓቱን ይያዙ፤ ይገባዎታል። በሩጫ የተሠራ ነገር ደግሞ መጀመሪያ የሚጎድለው የማይታየው ላይ ነው።

እንግዲህ ይምረጡ። ሽንት ቤትና ሻወር፣ ኩሽና፣ እጅ የሚነካቸው ቦታዎች፣ ከዚያ ወለል። እነዚህ በየሳምንቱ የእሷ ናቸው። የኩሽናውን ጠረጴዛና ሲንኩን በየቀኑ መጥረግ፣ ቆሻሻ ማውጣት፣ ሻወር ከተወሰደ በኋላ መስኮት ከፍቶ እርጥበቱን ማስወጣት ግን የእናንተው ነው። እርጥበት ካልወጣ ሻጋታውን በሳምንት አንዴ ብትፍቀው ተመልሶ ይመጣል። መስኮት፣ የቁም ሳጥን ላይኛው ክፍልና ፍሪጅ ተራ ይግባላቸው፤ በየሳምንቱ አንዱ ብቻ።

ጥርጊያዋን ተከትሎ በጣት አቧራ መፈለግም ይቅር። ሥራ ሳትጀምር 5 ደቂቃ አብረው ይቁሙና «ዛሬ ተራው የፍሪጁ ነው፤ መስኮቱ ይቆይ» ይበሏት።